ጎንደር ውስጥ ቤትዎ በባንክ ሐራጅ ሊሸጥ ሲል፦ ጠበቃ እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይያዛል?

ሆቴል ለማስፋት፣ ሚኒባስ ለመግዛት፣ የሰሊጥ ንግድ ለመጀመር ብሎ ቤቱን ለባንክ ያስያዘ ሰው በአራዳም፣ በማራኪም፣ በአዘዞም አይታጣም። ቱሪስቱ ሲቀር፣ የመተማ መንገድ ሲዘጋ፣ ክፍያው መቆራረጥ ይጀምራል። ከዚያ ደብዳቤ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥና ጠበቃ ፍለጋ የሚወጣው የቤቱ ቁጥር በጋዜጣ ከታተመ በኋላ ነው። ይህ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ መሆን ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ባንክ የያዘውን ቤት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የጠበቃው ትልቁ ሥራ ያለው ከሐራጁ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

በመጀመሪያ አበዳሪውን ይለዩ

የሚያስፈልግዎ የጠበቃ ዓይነት የሚወሰነው ባበደረዎት ወገን ነው።

ያበደረዎት ባንክ ከሆነ የሚገዛው ሕግ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በውሉ ላይ ለባንኩ የመሸጥ ሥልጣን ከተሰጠ፣ ባንኩ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ሸጦ ስሙን ለገዢ ማዛወር ይችላል። ይህ የመሸጥ ሥልጣን በባንኮች የብድር ውል ውስጥ የተለመደ አንቀጽ ነው፤ በእርስዎም ውል ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ ሲፈርሙ አላነበቡት ይሆናል እንጂ። አዋጁ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 216 ሲሻሻል ደግሞ በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ካልተገኘ ባንኩ ራሱ ቤቱን በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ እንዲረከብ ተፈቅዶለታል።

ያበደረዎት ግለሰብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3060 አበዳሪ በራሱ ሥልጣን መያዣውን እንዲሸጥ የሚያደርግን ስምምነት ዋጋ ያሳጣዋል። አዋጅ 97 ይህን ያነሣው ለባንኮች ነው። ስለዚህ ካርታዎን የያዘ ነጋዴ «ወር ካልከፈልክ ቤቱ የእኔ ነው» ቢልዎ አይደንግጡ፤ ፍርድ ቤት ከስሶ፣ ፍርድ አግኝቶ፣ በአፈጻጸም (ፍርዱን በፍርድ ቤት በማስፈጸም) በኩል መምጣት አለበት። ወለዱ የአራጣ ከሆነ ደግሞ እርሱ ራሱ በወንጀል የሚጠየቅበት በር አለ። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ በችሎት ክርክርና በአፈጻጸም የበረታ ጠበቃ ያስፈልግዎታል። ለባንክ ጉዳይ የሚያስፈልግዎ ግን ውል የሚያነብ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ ከባንክ ጋር ተቀምጦ መነጋገር የሚችል ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በዋናነት ስለ ባንክ ጉዳይ ነው።

ወረቀቱን ይሰብስቡ፣ ቀኑን ይመዝግቡ

ባዶ እጁን ጠበቃ ቢሮ የገባ ሰው ከፍሎ የሚሰማው አጠቃላይ ትምህርት ብቻ ነው። የብድር ውሉን፣ የመያዣ ውሉን፣ ከኋላ የተጨመሩ ማሻሻያዎችን፣ የካርታውን ቅጂ፣ የመጡልዎትን ደብዳቤዎች በሙሉና የከፈሉባቸውን ደረሰኞች ይያዙ። ከቅርንጫፉ የብድር ሒሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና ቅጣቱ ለየብቻ የተቀመጡበት ይሁን። ባለትዳር ከሆኑ የጋብቻ ማስረጃ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ይጨምሩ።

ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ከሁሉም ይበልጣል። የ30 ቀኑ ቆጠራ ክርክር የሚነሣበት ስለሆነ ፖስታውን አይጣሉ፤ ማን እንደተቀበለው፣ በስንት ቀን እንደፈረመ ጀርባው ላይ ይጻፉ። «አልቀበልም» ብሎ መመለስ በጎንደር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ የሚጠቅመው ግን ባንኩን ነው፤ ባለዕዳው ሊቀበል እንዳልፈለገ ጽፎ በመዝገብ ላይ ያኖረዋል።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ታሪኩን በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ መቼ ስንት ተበደርኩ፣ እስከ መቼ ከፈልኩ፣ ለምን አቋረጥኩ፣ ባንኩ ምን አለ። ይህች አንድ ገጽ የጠበቃውን ጊዜ ትቆጥባለች፤ ጊዜው ደግሞ የእርስዎ ገንዘብ ነው።

የት ይፈለጋል?

ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚያገኙት ደላላ አይጀምሩ። ደላላው የሚወስድዎ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ጠበቃ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎችም እንዲሁ፤ ለቀላል አቤቱታ ይጠቅማሉ፣ ለሐራጅ ጉዳይ ግን ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የጻፉትን ስም ቀይረው ይሰጡዎታል።

የተሻሉት ምንጮች ከባንክ ጋር ዕለት ተዕለት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ብድር ወስዶ ችግር ገጥሞት የተወጣ ነጋዴን ይጠይቁ፤ «ጎበዝ ጠበቃ ታውቃለህ?» ሳይሆን «ባንኩ እንዲያራዝምልህ ያደረገው ማን ነው?» ብለው። የሒሳብ ባለሙያዎች ደግሞ የባንክ ደብዳቤ ሲያዩ ስለሚውሉ ማን ምን እንደሠራ ያውቃሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት መምህራን ምክር ይሰጣሉ፤ አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ትምህርት ቤቱ በነፃ የሕግ ድጋፍ ይታወቃል።

ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ መንገድ አለ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የፍትሐ ብሔር ችሎት ገብተው ከኋላ ይቀመጡ። ማን መዝገቡን አንብቦ እንደመጣ፣ ማን በየቀጠሮው «ይራዘምልኝ» እንደሚል፣ ዳኛ ሲጠይቀው ማን አጭር መልስ እንደሚሰጥ በዓይንዎ ያያሉ። ድምፁ ከፍ ያለው ጠበቃ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ዳኛው «ወደ ነጥቡ ግባ» የሚለው እርሱን ነው።

እኔ ብመርጥ በባንክ የሕግ ክፍል ወይም በብድር ክትትል ሠርቶ የወጣ ጠበቃ አስቀድማለሁ። የቀድሞ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ የነበረ ጠበቃ በጎንደር ትልቅ ስም አለው፤ ለወንጀል ጉዳይ ጥሩ ነው። የብድር ማሸጋሸጊያ (የመክፈያ ጊዜው እንደገና እንዲደለደል የሚቀርብ) ጥያቄ እንዴት እንደሚጻፍና የብድር ኮሚቴ ምን ማየት እንደሚፈልግ ግን በባንክ ጠረጴዛ ላይ ያልሠራ ሰው በቀላሉ አያውቀውም።

ፈቃዱን ይመልከቱ

በአማራ ክልል የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው፤ በከተማው ያለውን የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጠይቀው ማጣራት ይችላሉ። ፈቃዱ መታደሱን ይመልከቱ። ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ ደንበኛው ፈቃድ ሲጠይቀው የሚቆጣ ጠበቃ ነገ ደረሰኝ ሲጠይቁትም ይቆጣል።

የክልል ፈቃድና የፌዴራል ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። የፌዴራል ጠበቆች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ይህ ለእርስዎ ለምን ይጠቅማል? አበዳሪዎ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ያለ ባንክ ከሆነ ጉዳዩ በፌዴራል ሥልጣን ሥር ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሰጠ ክርክሩ እዚሁ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሊታይ ይችላል፤ እስከ ፌዴራል ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለን የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) ከሄደ ግን አዲስ አበባ የሚቆም የፌዴራል ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ጠበቃው ሁለቱም ፈቃድ ከሌለው ያ ቀን ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚሠራ አሁኑኑ ይጠይቁት።

የመጀመሪያው ውይይት

ሁለት ወይም ሦስት ጠበቃ ያነጋግሩ። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ «እገሌ ጋ ሄደህ ነበር አሉ» መባሉ አይቀርም፤ ይባል። ቤት ነው የተያዘው።

አስቀድመው የሚጠይቁት የጥቅም ግጭትን ነው፦ «ለዚህ ባንክ ሠርተው ያውቃሉ? አሁንስ ይሠራሉ?» በከተማው ያሉት ጠበቆች ብዙ ስላልሆኑ አንዱ ጠዋት ለባንኩ ሐራጅ ሲያዘጋጅ ከሰዓት ባለዕዳ ሊያማክር ይችላል። ቀድሞ መሥራቱ ችግር የለውም፤ አሁን መሥራቱ ግን ነገሩን ያበቃል፣ ተሰናብተው ይውጡ።

ቀጥሎ ይህን ይጠይቁ፦ «ሐራጁን በፍርድ ቤት እግድ ማስቆም እንችላለን?» ጠበቃውን የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። «እናስቆመዋለን፣ አይጨነቁ» ካለ ይጠንቀቁ። አዋጅ 97 ባንኩ ሥነ ሥርዓቱን ጥሶ ከሸጠ ለባለዕዳው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በሰበር ሰሚ ችሎት ደረጃም ባንኩ በሕግ ያገኘውን የመሸጥ ሥልጣን ከማገድ ይልቅ ባለዕዳው ካሣ እንዲጠይቅ የሚመሩ ውሳኔዎች ተሰጥተዋል። ስለዚህ ሐቀኛ ጠበቃ «እግድ ጠባብ መንገድ ነው፤ የመያዣ ውሉ ራሱ ችግር ያለበት መሆኑን ካላሳየን የሚያዋጣው ድርድር ነው» ይልዎታል። ይህ መልስ አያስደስትም። የሚከፈልበት መልስ ግን ይህ ነው።

ታዲያ የመያዣ ውሉ ችግር ምን ሊሆን ይችላል? ጥሩ ጠበቃ ወረቀትዎን ሲያገላብጥ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ውሉ በጽሑፍ መሆኑንና ለምን ያህል ብር እንደተያዘ በግልጽ መጻፉን ይመለከታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3045 ያለዚህ መያዣው እንዳይጸና ያደርጋል። በማዘጋጃ ቤት ወይም በሚመለከተው የመሬት መሥሪያ ቤት መመዝገቡንና የተመዘገበበትን ቀን ይጠይቃል፤ በቁጥር 3058 መሠረት ምዝገባው የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ሁለቱም መፈረማቸውን ያያል። ይህ የመጨረሻው በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያከራክር ነው፦ ባል በስሙ ባለው ካርታ ብቻውን ተፈራርሞ ሚስት ከሐራጅ ማስታወቂያው ላይ ስትሰማ። እንዲህ ከሆነ ተቃውሞውን የምታነሣው ሚስት ናት፤ ለማንሣትም የጊዜ ገደብ ስላለ በሰማችበት ሳምንት ጠበቃ ማየት አለባት። ለባልዋና ለእርስዋ አንድ ጠበቃ ይብቃ አይብቃ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ጥቅማቸው ሊጋጭ ይችላል።

አንዳንዱ ባለዕዳ ደግሞ «ጦርነት ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ከአቅም በላይ ነው» በሚል ብቻ ዕዳው የሚቀርለት ይመስለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1792 ጀምሮ የተቀመጠው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የማይቻል ማድረግን ይጠይቃል፤ መክፈል ከበድ ማለቱ አይበቃም። ሆቴሉ ባዶ መዋሉ ለድርድር ጥሩ ምክንያት ነው፣ ለክስ ግን ደካማ ነው። ይህን ልዩነት የማያስረዳዎ ጠበቃ ገንዘብዎን በችሎት ቀጠሮ ይጨርሰዋል።

ሌላው የሚጠይቁት «ባንኩ ውስጥ ለማን ነው የሚጽፉት?» የሚል ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ወዳጅዎ ሊሆን ይችላል፣ ቡናም አብራችሁ ትጠጡ ይሆናል፤ ብድር የማሸጋሸግና ሐራጅ የማቆም ውሳኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዲስትሪክት ወይም በዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ጊዜው ራሱ ለውጥ ያመጣል። በብሔራዊ ባንክ አሠራር ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ብድር ይመደባል፤ ከዚያ በፊት የቀረበ የማሸጋሸግ ጥያቄና ከዚያ በኋላ የቀረበ ጥያቄ እኩል ተቀባይነት የላቸውም።

መጨረሻ ላይ ስለ ግምት ያንሡ። የሐራጁ መነሻ ዋጋ የሚወጣው ከባንኩ መሐንዲስ ግምት ነው፤ ግምቱ ከቆየ ዛሬ ቤቱ ከሚያወጣው በጣም ሊያንስ ይችላል። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በራስዎ መሐንዲስ ግምት ተደግፎ «እንደገና ይገመት» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ለባለዕዳ ከብዙ ክስ በላይ የሚጠቅም ነው። ጠበቃው ይህን ሳይጠየቅ ካነሣ እርሱ የሚፈልጉት ሰው ሳይሆን አይቀርም።

«ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል፣ ወይም «ለላይ የሚሆን» ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠመዎ ወረቀትዎን አንሥተው ይውጡ።

ክፍያና ውል

የጥብቅና ክፍያ በስምምነት ነው፤ ስለዚህ የሚጠብቅዎት የጽሑፍ ውል ብቻ ነው። ሥራው በደረጃ ይከፋፈል፦ ሰነድ መመርመርና የጽሑፍ አስተያየት መስጠት አንድ፣ ከባንኩ ጋር መደራደር ሁለት፣ ክስ ካስፈለገ ሦስት፣ ይግባኝና ሰበር ደግሞ ለየብቻ። ለእያንዳንዱ ዋጋ ይቀመጥ። «ሙሉውን እስከ መጨረሻ በዚህ ያህል» የሚለው ውል ሲሰሙት ያረጋጋል፤ ችግሩ «መጨረሻ» የት እንደሆነ አለመጻፉ ነው። በመቶኛ የሚከፈል ከሆነ መቶኛው ከምን ላይ እንደሚሰላ ይጻፍ፤ ከቤቱ ዋጋ ይሁን፣ ከተቀነሰው ዕዳ ይሁን፣ ከተገኘው ካሣ ይሁን በጣም ይለያያል። የመጀመሪያው ለእርስዎ አያዋጣም።

የዳኝነት ክፍያ ከጠበቃ ክፍያ የተለየ ነው፤ በክሱ ገንዘብ መጠን ስለሚጨምር የካሣ ክስ ከማቅረብዎ በፊት ያስሉት። መክፈል ለማይችል ሰው በድህነት ክስ ለመመሥረት የሚጠየቅበት ሥርዓት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አለ። ለሚከፍሉት ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ዋና ሰነድ አይስጡ፣ ቅጂ ይስጡ። ዋናው ለፍርድ ቤት ካስፈለገ በዝርዝር አስፈርመው ይስጡ።

ውክልናው

ሰነድ ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። አንዳንድ የተዘጋጁ የውክልና ቅጾች ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራሉ። ለጠበቃው የሚሰጡት የመክሰስ፣ የመከራከር፣ ለባንኩ የመጻፍና መልስ የመቀበል ሥልጣን ይሁን። የመሸጥ ሥልጣን አይስጡ። የመታረቅ ሥልጣን ከሰጡም ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት ከጠበቃው ጋር ባለዎት ውል ላይ ይጻፍ።

ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ፣ ጎንደር ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው፣ ውክልናው ባለበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል አልፎ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ይህ ሳምንታት ይወስዳል፤ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ቤተሰብ ደብዳቤውን እንደተቀበለ በዚያው ቀን ፎቶ አንሥቶ ይላክለት።

ከያዙት በኋላ

ጠበቃው በመጀመሪያ ሳምንት ለባንኩ የጻፈውን ደብዳቤ ቅጂ ይጠይቁ፤ የባንኩ የመቀበያ ማኅተም ያለበት ይሁን። በቃል የተደረገ ስምምነት በሐራጁ ቀን ዋጋ የለውም። ባንኩ ለማራዘም ከፈቀደ በስንት ቀን ስንት ብር እንደሚከፈል፣ ቅጣቱ ይነሣ አይነሣ በጽሑፍ ይሁን።

ማራዘም ካልተቻለ ሐራጁ ከመድረሱ በፊት ቤቱን ራስዎ በገበያ ዋጋ ሸጠው ዕዳውን መክፈል አለ። ባንኩ፣ ገዢውና እርስዎ በአንድነት ተዋውላችሁ የገዢው ገንዘብ በቀጥታ ወደ ዕዳው ገብቶ ባንኩ መያዣውን እንዲያነሣ ማድረግ ይቻላል። ይህን ውል የሚያረቅ ጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ይገባዋል። በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ገበያው ላይ ሊያወጣ ከሚችለው ማነሱ የታወቀ ነው፤ ተጫራቹ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዞ፣ ቀሪውን በአጭር ቀን ከፍሎ፣ ነዋሪ ያለበትን ቤት መረከቡን አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

በኩርንና ሌሎች ጋዜጦችን፣ የቀበሌና የባንክ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ማን እንደሚከታተል ከጠበቃው ጋር ይነጋገሩ። ማስታወቂያው ከወጣ የቤቱ አድራሻ፣ የካርታ ቁጥርና ስፋት፣ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት በትክክል መጻፋቸውን ቁጭ ብላችሁ ከካርታው ጋር አስተያዩ። ስህተት ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ ተቃውሞ ይግባ፤ ኋላ ካሣ ለመጠየቅ መሠረቱ ይህ ወረቀት ነው። በክረምት ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ላይ ሲሆኑ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያየው ተረኛ ችሎት ስለሆነ ነሐሴና መስከረም ላይ የወደቀ ሐራጅ የበለጠ ቅልጥፍና ይጠይቃል።

ቤቱ ከተሸጠ

ጠበቃው አሁንም ሥራ አለው። ሽያጩ ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ ካልተካሄደ የካሣ ክስ ይኖራል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከተሰጠ ይግባኙ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከክሱ በፊት ግን የማጠቃለያ ሒሳብ በጽሑፍ ይጠየቅ፦ ቤቱ በስንት ተሸጠ፣ ለዋናው ገንዘብ፣ ለወለድና ለሐራጁ ወጪ ስንት ተቀነሰ፣ ስንት ተረፈ። የተረፈው የእርስዎ ነው። ካልበቃ ባንኩ ለቀሪው ሊከስስዎት ይችላል፤ ዋስ የሆኑልዎትም ሰዎች በዚያ ክስ ሊጠሩ ስለሚችሉ ለእነርሱ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ሒሳቡ ሲዘጋ ደግሞ ከዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ወስደው ከጠበቃው ውል ጋር በአንድ ፋይል ያኑሩት።